ስኮርታዬ «አዲስ» ነበር

ዛሬ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝ። ፊት ለፊቴ ባጃጅ ድንገት ቆመ። ፍሬን ረገጥኩ፤ መኪናዋ እቴ፣ መንሸራተቷን ቀጠለች። በአንድ ክንድ ተረፍን። የጎንደር 44ቱ ታቦት አወጡኝ።

ቀጥ ብዬ ጎሚስታ ጋ። አዛውንቱ ሰውዬ አጎንብሰው በጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ጣታቸውን አሳለፉና «ልጄ፣ ይኼ እኮ የሕፃን ጉንጭ ነው» አሉኝ። ከውጭ ሲታይ ጥርሱ ደህና ነው፤ በውስጥ በኩል ግን ልሙጥ ሆኗል። አንድ ወገን ብቻ ከተበላ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫ) ተዛብቷል፣ መሃሉ ከተበላ ንፋስ በዝቶበታል፣ ሁለቱም ጠርዝ ከሆነ አንሶታል። በጥርሶቹ መሃል ቦይ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎችም አሳዩኝ። ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥርሱ ከነሱ እኩል ከሆነ ጎማው አለቀ። ስንት ዓመት ስነዳ አንድ ቀን እንኳ አይቻቸው አላውቅም!

«ግድ የለም ጋሼ፣ ስኮርታዬ (መጠባበቂያ ጎማዬ) አዲስ ነው፤ መሬት ነክቶ አያውቅም» አልኩ በኩራት። ጎኑን በጨርቅ ጠርገው አራት ቁጥር አስነበቡኝ፦ 3014። በ2014፣ በ30ኛው ሳምንት የተመረተ። የኛው 2014 መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ የፈረንጅ ነው፣ በኛ ሐምሌ 2006! ጫን ሲሉት ስንጥቃጥቁ ታየ። ጎማ ቆሞም ያረጃል፤ ብዙ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ አትጠቀሙበት ይላሉ።

ሁለት የፊት ጎማ ገዛሁ። ዋጋውን አትጠይቁኝ። አላይመንቱ ለነገ ነው። ስኮርታው ከቸርኬው ወጥቶ የሰፈር ልጆች ዥዋዥዌ ሊሠሩበት ወስደውታል።