ጨው የምትልሰው አክስት

የምሠራው ፒያሳ፣ ወደ ቸርችል ጎዳና መውረጃ ላይ ባለ የውስጥ ደዌ ክሊኒክ ነው። ነርስ ነኝ። ታካሚ ሐኪሙ ዘንድ ከመግባቱ በፊት ግፊቱን እለካለሁ፣ ታሪኩን እጠይቃለሁ። ካርዱ ላይ «በቤተሰብ ያለ በሽታ» የምትል አንዲት መስመር አለች። አብዛኛው ሰው እዚያ ላይ «የለም» ያስጽፋል። ምን ያድርግ? «በዘራችሁ በሽታ አለ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ነው የሚመስለው። ያልተዳረች ልጅ ያለው ቤተሰብማ ጭራሽ ትንፍሽ አይልም።

አንድ ቀን በሃያዎቹ መጨረሻ ያለች የባንክ ሠራተኛ ከእናቷ ጋር መጣች። ዶሮ ማነቂያ ኖረው ሰፈሩ ሲፈርስ ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም የተዛወሩ ናቸው። ክሊኒኩን ግን አልቀየሩም። ፒያሳ ያደገ ሰው ለመርፌም ቢሆን ፒያሳ ነው የሚመጣው።

ሌላ ቦታ አንገት ላይ ያለው ዕጢ ሥራው ቀንሷል፣ «የታይሮይድ ማነስ» ነው ተብላ ክኒን ተጀምሮላታል። ክኒኑ ሊያበረታት ሲገባ ይብስ ጣላት። ከስታለች፣ ያቅለሸልሻታል፣ ስትነሣ ያዞራታል። ግፊቷን ጋደም አድርጌ ለካሁ። አቁሜ ስለካው ዘጭ አለ። ታይሮይዱ ያነሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኪሎ ይጨምራል። ይቺ ልጅ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሏል።

ዶክተራችን መዳፏን እንድትዘረጋ ጠየቋት። የመዳፏ መስመሮች በእርሳስ የተሰመሩ ይመስል ጠቁረዋል። ከንፈሯን ገለጥ አድርገው ድዷን አዩ። እዚያም ጥቁረት አለ።

«ድድሽን ተነቅሰሻል?»

«ኧረ በፍጹም!»

እናትየው ሳቁ። የእሳቸው ድድ እስከ ጥርሳቸው ሥር ንቅሳት ነው። «ስንለምናት እምቢ ያለች ናት እኮ፣ ዶክተር።»

እኛ አገር ይህ ጥያቄ ካልተጠየቀ የድድ ጥቁረት ምንም አይነግርም። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩና «ሲስተር፣ የዘር ሐረጉን ሥሪልኝ» አሉ።

ሴት ክብ፣ ወንድ አራት ማዕዘን፣ የሞተ ሰው ላይ ሰያፍ መስመር። ወረቀቱ ቀላል ነው። መከራው ወሬውን ማውጣት ነው። ልጅቷ ከስሟ ቀጥሎ አባቷንና አያቷን ይዛ ትዞራለች፤ ሁለቱም ወንዶች ናቸው። ሰባት ቤት ቁጠሪ ብትባል በአባቷ በኩል ብዙ ርቀት ትሄዳለች። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ አካሉን የሚያጠቃባቸው በሽታዎች ግን በአብዛኛው ሴት ላይ ይበረታሉ። ሉፐስን ብንወስድ ከ10 ታማሚ 9ኙ ገደማ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ስማችን ተከትሎ የሚቆጥረው ሐረግ ባዶ የሚሆነው እኛ የምንፈልገው ቦታ ላይ ነው። የእናት እናት፣ አክስት፣ የአክስት ልጅ።

«በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም። ንጹሕ ነን» አሉ እናትየው። ልጅቷ ግን «ለምን ለጋሽዬ አንደውልም?» አለች።

ጋሽዬ የእናትየው አጎት ናቸው፤ መንዝ ነው ያሉት። ስልኩ ስፒከር ላይ ሆነ። የዘር ጉዳይ መሆኑን ሲሰሙ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ማን ሊያገባት ነው?» ሆነ። ለሕክምና ነው ብሎ ማስረዳት ጊዜ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ግን ማን ያቁማቸው! በ1967 መሬት በአዋጅ የመንግሥት ከመሆኑ በፊት ከአባታቸው ጎን ሆነው ርስት ሲከራከሩ ያደጉ ሰው ናቸው። ርስት ደግሞ በእናትም በአባትም ይጠየቅ ነበር። የሴቶቹን ስም አንድ ሳያስቀሩ፣ ማን ከማን እንደተወለደች፣ ማን ያለ ልጅ እንደሞተች ያወርዱታል። እጄ እስኪዝል ክብ ሣልኩ።

የበሽታ ስም አልጠየቅኳቸውም። ሰውነቷ ላይ ነጭ የወጣባት ነበረች ወይ? አንገቷ ያበጠ? ከልጅነቱ ጀምሮ ለስኳር መርፌ የሚወጋ? በደህና ቀን የከሳ?

«ነጭማ እህቴ ነበረባት። እጇ ላይ። በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር።»

እህታቸው ማለት የእናትየው እናት ናቸው። እናትየው መሬት መሬት አዩ። «ቆማጣ እንዳይሏት ብላ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ለምጽና የሥጋ ደዌ ምንም አያገናኛቸውም። ለምጽ ራሱ መከላከያው የቆዳን ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳትን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። አንዲት ሴትዮ ግን ዕድሜ ልኳን እጇን ደብቃ ኖራለች።

ቀጥለው የእናትየውን ታላቅ እህት አነሡ። «እሷማ ጠቁራ ከስታ አለቀች። አሞሌ ትልስ ነበር። ቡዳ ነው ተብሎ ጠበል ለጠበል ስትዞር ከረመች። ኋላ ትውከት ያዛትና በማግሥቱ ዐረፈች።»

ልጅቷ ቀና አለች። «እማ፣ እኔስ ሎሚ በጨው…»

«በሽሮው ጨው ስንጣላ አይደል የምንውለው!» አሉ እናትየው፤ ወዲያው አፋቸውን ያዙ።

የወንድማቸው ልጅ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ኢንሱሊን ትወጋለች። እንቅርት ያለባቸው ሦስት ዘመዶችም ተገኙ። እነሱ ላይ ዶክተሩ የጥያቄ ምልክት አስደረጉኝ። በደጋ አገር እንቅርት ብዙ ጊዜ የአዮዲን እጥረት እንጂ የዘር ነገር አይደለም። ያገኙትን ሁሉ ሐረግ ላይ መስቀልም ሌላ ችግር ነው።

ከጥያቄ ምልክቶቹ በቀር ወረቀቱ ላይ አንድም በሽታ ሁለቴ አልተጻፈም። ለምጽ፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ያቺ ጨው የምትልሰው አክስት። እናትየው «የለም» ማለታቸው ለዚህ ነው። ዶክተሩ ሲያስረዷቸው የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን መከላከያው የገዛ አካልን የማጥቃት ዝንባሌው ነው አሉ። ከሚታወቁት ጂኖች ዋነኞቹ ስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ ያሉ፣ መከላከያው የራስንና የባዕድን እንዲለይ የሚረዱ ናቸው። ጂን ብቻውን ግን አይፈርድም። ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች እንኳ አንደኛው የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ሩማቶይድ የሚባለው፣ ቢይዘው ሌላኛው የሚታመመው ከ100 በ15 አካባቢ ነው።

አክስትየዋን አሁን መመርመር አይቻልም። ታሪኳ ግን እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን እ.ኤ.አ. በ1855 ከጻፈው፣ በስሙ አዲሰን ከሚባለው በሽታ ጋር ይገጥማል። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ሲከስሙ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ይጠፋል፣ ሰውነት ጨው ማቆየት ያቅተዋል፣ ቆዳ ይጠቁራል። ከታይሮይድ ጋር ተዳብሎ ሲመጣ ማየትም አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1926 ጽፎታል። ስድስት ኪሎ ያለው ቤተ መጻሕፍት በስማቸው የተጠራላቸው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ አዲሰንም የታይሮይድ ማነስም ነበረባቸው። እህታቸው ዩኒስም አዲሰን ነበረባት።

የታይሮይድ ክኒኑ ልጅቷን የጣላትም በዚሁ ነው። ክኒኑ ሰውነት ኮርቲሶልን ቶሎ ቶሎ እንዲጨርስ ያደርጋል። ድሮውንም ለሌለው ሰው ይህ ሕይወት የሚያሳጣ ነው። ኮርቲሶሉ መጀመሪያ መተካት አለበት።

ደሟ ተቀዳ፣ ውጤቱ ሳይጠበቅ ያኔውኑ ሆስፒታል ገባች፣ ኮርቲሶልን የሚተካው ሃይድሮኮርቲዞን በደም ሥሯ ተጀመረላት። ሶዲየሟ ዝቅ፣ ፖታሲየሟ ከፍ፣ ኮርቲሶሏ ከምንም የማይቆጠር ሆኖ መጣ። እኛ አገር አዲሰን ሲባል ቲቢም ሁሌ ይጠረጠራል። እሱም ተመርምሮ አልተገኘም። አሁን ሥራዋ ላይ ናት። ትልቁ ጣጣዋ መድኃኒቱን ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር ነው።

እናትየው ታናሽ እህቷን ይዘው ሲመጡ ለብቻዬ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ያቺ ወረቀት ሰው እጅ እንዳትገባ። ይቺ ገና አላገባችም።» ሐረጉ ላይ ቁጥር እንጂ ስም እንደሌለ አሳየኋቸው። የታናሽየዋ ታይሮይድ ሥራውን አላቆመም፤ ታይሮይድን የሚያጠቃው ፀረ እንግዳ አካል ግን ደሟ ውስጥ ተገኝቷል። በየዓመቱ እየመጣች ትታያለች። ክኒን አልተጀመረላትም።

ጋሽዬ ለፋሲካ አዲስ አበባ ሲመጡ ክሊኒክ ድረስ ብቅ አሉ። ልጅቷ ወረቀቱን አሳየቻቸው። ስለ በሽታው ምንም አልጠየቁም። «ስም የሌለው ምን ሐረግ ነው?» አሉ። ከዚያ በጣታቸው ክቦቹን አንድ በአንድ ቆጥረው ሁለቱ ላይ ቆሙ። ታላቋን ታናሽ አድርገናታል።