ሦስቱ ሰንሰለቶች እስኪገመዱ፦ የቲ4 ፌጅን የጅራት ክር በቤተ ሙከራ ስሠራ

ለማስተርስ ጥናቴ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ ቤተ ሙከራ የሠራሁት ጂፒ37 በተባለው ፕሮቲን ላይ ነበር። ይህ ፕሮቲን ቲ4 የተሰኘው ባክቴሪዮፌጅ (ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ፣ በአጭሩ ፌጅ) ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ለይቶ የሚያውቅበት የረጅሙ ጅራት ክር ጫፍ ነው። ፌጁ እያንዳንዳቸው 145 ናኖሜትር ገደማ የሚረዝሙ ስድስት ክሮች ያሉት ሲሆን፣ በጫፎቻቸው በባክቴሪያው ውጫዊ ሽፋን ላይ ያለውን ኦምፕሲ የተባለ ፕሮቲን ወይም እንደ ባክቴሪያው ዝርያ ሊፖፖሊሳካራይዱን (ከስብና ከስኳር የተሠራውን የሽፋኑን ክፍል) ይይዛል። ይህ አያያዝ ሊላቀቅ የሚችል ነው፤ የማይላቀቀው አጫጭሮቹ ክሮች ሲዘረጉ የሚመጣው ነው።

ሥራውን የጀመርኩት የጂፒ37ን ዘረ መል ብቻውን በፕላስሚድ (ዘረ መል ወደ ባክቴሪያ በሚያስገባ ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) አድርጌ በኢ. ኮላይ ውስጥ በማስመረት ነበር። ሴሎቹን ሰብሬ በሴንትሪፊውጅ ባሽከረከርኩ ቁጥር ፕሮቲኑ በቱቦው ግርጌ ከዝቃጩ ጋር ይቀራል፤ ከላይ ያለው ፈሳሽ ባዶ ነው። ሙቀቱን ከ37 ወደ 18 ዲግሪ አወረድኩ፣ ጨዉንም ቀያየርኩ፤ ሦስት ወር በከንቱ አለፈ።

ስህተቴ ፕሮቲኑን ራሱን የቻለ አድርጌ ማየቴ ነበር። ጂፒ37 የ1026 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ሲሆን፣ ሦስት ሰንሰለቶች በአንድነት ካልተገመዱ ትክክለኛ ቅርጹን አይዝም፤ ለመገመድም ጂፒ57ኤ እና ጂፒ38 የተባሉ ሁለት ረዳት ፕሮቲኖች ያስፈልጉታል። ረዳቶቹ በቲ4 የተጠናቀቀ ክር ውስጥ ስለማይገኙ የክሩን ክፍሎች ብቻ የሚቆጥር ሰው ይዘላቸዋል፤ እኔም የዘለልኳቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስቱን ዘረ መሎች በአንድ ሴል ውስጥ ሳስመርት ፕሮቲኑ በፈሳሹ ውስጥ ተገኘ። ፕሮቲኖችን በመጠናቸው በሚለየው ጄል ላይ ግን ዘወትር የማየው የነጠላውን ሰንሰለት አንድ ባንድ (መስመር) ብቻ ስለነበረ መገመዱን ማረጋገጥ አልቻልኩም። ናሙናዎቼን ሳዘጋጅ ያዩኝ አንጋፋ የቤተ ሙከራ ባለሙያ «ልጄ፣ ሁሉንም አፍልተሽ ከጨረስሽ የተገመደውን ከየት ታገኚዋለሽ?» አሉኝ። በዚያው ቀን ከአንድ ቱቦ ሁለት ናሙና ወስጄ ሁለቱንም የፕሮቲንን ቅርጽ ከሚፈታው ኤስዲኤስ ከተባለ ሳሙና መሰል ኬሚካል ጋር ቀላቀልኩና አንዱን ለአምስት ደቂቃ አፍልቼ ሌላውን ሳላፈላ ጎን ለጎን አስኬድኳቸው። የፈላው የአንድ ነጠላ ሰንሰለት ክብደት በሆነው 110 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አጠገብ ወርዶ ሲገኝ፣ ያልፈላው ከጄሉ አናት ብዙም ሳይርቅ ወፍራምና ጥርት ያለ ባንድ ሆኖ ቆመ። በትክክል የተገመደ ሦስትዮሽ ካልፈላ በስተቀር ኤስዲኤስ አይፈታውም፤ በልማድ ማፍላቴ ለወራት የፈለግኩትን ማስረጃ ራሱን ሲያጠፋብኝ ኖሯል።

የጫፉ ቅርጽ በ2010 በክሪስታል ጥናት ተገልጿል። ሦስቱ ሰንሰለቶች ተጠማዘው ቀጭን መርፌ ይሠራሉ፤ በመርፌው እምብርት ሰባት የብረት አዮኖች በአንድ መስመር ተሰልፈው እያንዳንዳቸው ሂስቲዲን በተባለው አሚኖ አሲድ ስድስት ቅንጣቶች ተይዘዋል። ከእያንዳንዱ ሰንሰለት ሁለት ሁለት ሂስቲዲን መዋጣቱን ሳይ፣ አንዱ ሰንሰለት ቢጎድል ብረቱን የሚይዝ ስፍራ እንደማይኖር ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ብረት የሚነጥቀውን ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል ከማጠቢያ ፈሳሼ አስወጥቻለሁ፤ በእያንዳንዱ ጄል ላይም የፈላና ያልፈላ ናሙና ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ።