ምርኩዜን ደብረ ማርቆስ ጥዬ ሄድኩ

ይሄን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ዓመት ሙሉ ባላቃጠልኩ ነበር ብዬ ነው። ፓራ ባድሚንተን፣ ማለት የአካል ጉዳተኞች ባድሚንተን፣ ለመጫወት ከአገር የምትወጡ ልጆች፣ በተለይ ከኛ ከጎጃም ከሆናችሁ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። በ2 ዓመቴ ፖሊዮ ይዞኝ ግራ እግሬ ከቀኙ 4 ሴንቲ ያጥራል፣ ጭኔም ቀጭን ነው። ያስጀመረኝ የስፖርት መምህሬ ነው፣ ሁለት ራኬት ነበረው፣ መረብ ስላልነበረን በሁለት ባሕር ዛፍ መሀል ገመድ ወጥረን ጀመርን። አዳራሽ ለምነን አገኘን፣ 4 ዓመት ሰራሁ። ፓስፖርት አወጣሁ፣ ጎረቤትና ዘመድ ብር አዋጣልኝ፣ የዓባይን በረሃ ወርጄ ወጥቼ አዲስ አበባ፣ ከዛ ካምፓላ። ይሄ ሁሉ ያደክማል እንጂ ሰው ይወጣዋል።

እኔን የሰበረኝ ክላሲፊኬሽን ነው፣ ጉዳትሽን መርምረው የምትጫወቺበትን ምድብ የሚሰጡበት።

ለማታውቁት፣ እግራቸው ተጎድቶ ቆመው የሚጫወቱ ሰዎች ሁለት ምድብ አላቸው። ኤስኤል3 ጉዳቱ የከበደው ነው፣ ነጠላ ሲጫወት በግማሽ ሜዳ ነው፣ ወርዱ 3.05 ሜትር። ኤስኤል4 ቀለል ያለው ሲሆን 5.18 ሜትሩን በሙሉ ይሸፍናል። እኔ 4 ዓመት የሰራሁት በግማሽ ሜዳ ነው። ምድቡን የሚወስኑት ግን እዛው ያሉ ባለሙያዎች ናቸው፣ አንቺን አይተው፣ ወረቀትሽን አይተው።

ለምድቡ የሚቀርበው ቅጽ ላይ ሐኪም የሚሞላው ቦታ አለ፣ በሽታው ምን እንደሆነ፣ የእያንዳንዱ ጡንቻ ጉልበት ከ0 እስከ 5 በቁጥር (5 ጤነኛው ነው)፣ ራጅ ካለም ራጅ። እኔ ይዤ የሄድኩት አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። "ለሚመለከተው ሁሉ" ይላል፣ የእግር ጉዳት እንዳለባት እናረጋግጣለን ይላል፣ ክብ ማኅተም አለው፣ በቃ። ጉዳዩን የያዘውን ኃላፊ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት፣ ቅጹ ላይ የጡንቻ ነገር አለ እኮ፣ ፊዚዮቴራፒ ሄጄ ላስሞላ ወይ አልኩት። "ማኅተም ካለው ማን ይጠይቅሻል፣ አታካብጂው" አለኝ። አታካብጂው ያላት እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ግን ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም፣ የባሰውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እናቴ ልጅ እያለሁ እንግዳ ሲመጣ ነጠላዋን እግሬ ላይ ጣል ታደርግ ነበር። ለክፋት አይደለም፣ ሰው አፍ እንዳልገባባት ብላ ነው። እኔም ለመድኩት። ገበያ ስወጣ ምርኩዝ እይዛለሁ፣ ፎቶ ሊያነሱኝ ሲሉ ግን ለሌላ ሰው አሲዛለሁ። ካምፓላ የምሄድ ቀን ምርኩዜን ከበሩ ጀርባ አቁሜ ጥያት ወጣሁ። የአገሬን ማልያ ለብሼ በምርኩዝ ልታይ ወይ ብዬ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ሜትርና ሁለት ባለሙያ ነበሩ። አንዷ እግሬን በእጇ ይዛ ግፊ አለችኝ፣ ጥርሴን ነክሼ ገፋሁ። በሜትር ለካችው። ከዛ በአስተርጓሚ መጠየቅ ጀመሩ። ደረጃ ስትወጪ ትደገፊያለሽ? አልደገፍም። ትወድቂያለሽ? አልወድቅም። ስትንቀሳቀሺ የምትይዥው ነገር አለ? ምንም የለም። ሦስቱም ውሸት ነው! ጉልበቴ ሲከዳኝ በእጄ ጭኔን እየገፋሁ ነው ደረጃ የምወጣው። ሜዳ ላይ ወደ ጎን ሩጪ፣ ዝለይ ሲሉኝም በወገቤና በትከሻዬ እየጎተትኩ ዕድሜ ልኬን ባጠናሁት ዘዴ ደህና አስመስዬ ሮጥኩላቸው። ማታ ዝርዝሩ ሲወጣ ስሜ አጠገብ ኤስኤል4 ይላል፣ ወደፊት በድጋሚ ይታያል ተብሎ።

ተቃውሞ ማቅረብ ይቻላል፣ ግን የሚያቀርበው ተጫዋቹ ሳይሆን የአገሩ ተወካይ ነው፣ የሰዓት ገደብም አለው። አብሮኝ የሄደውን ሰውዬ እየፈለግኩ ሆቴሉን ዞርኩ። ሳገኘው "ተጫውተሽ አሳያቸዋ" ብሎኝ እራቱን ቀጠለ። ሰዓቱ አለፈ።

ጨዋታውን ምን ልበላችሁ፣ ተጋጣሚዬ በሁለት ምት ነገሬ ገባት። አንዱን አጭር አድርጋ ከመረቡ ስር፣ ቀጣዩን ወደ ግራ ኋላ ጥግ። 21 ለ 6፣ 21 ለ 4። ሸትሉም፣ ባለ ላባዋ ኳስ፣ አልታዘዘኝም፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ሸትል ይበራል፣ ካምፓላ 1,200 አካባቢ ናት፣ እኛ ጋ የኋላ መስመር የሚደርሰው ምት እዛ አጥሮ ይወድቃል፣ ለተጋጣሚ ስማሽ፣ ከላይ ወደ ታች ለሚመታው ኃይለኛ ምት፣ ይመቻል። ቀድማችሁ ሄዳችሁ ቢያንስ ሁለት ቀን ምቱት።

በሁለተኛው ዓመት ማንንም አልጠየቅኩም። ፊዚዮቴራፒስቱ ፊት ቅጹን ዘርግቼ ጡንቻ በጡንቻ አስሞላሁ፣ የጭኔ 2 ነው፣ የቁርጭምጭሚቴ 1። ቁጥሩን ሳየው አለቀስኩ፣ ማንም ጽፎልኝ አያውቅማ። ራጅ ተነሳሁ፣ ደረጃ ስወርድ እህቴ በስልክ ቀረጸችኝ። ምርኩዜን ይዤ ገባሁ፣ የተጠየቅኩትን ሁሉ እንዳለ ተናገርኩ። ማጋነን ግን እንዳትሞክሩ፣ ያስቀጣል፣ ደግሞም ያውቁታል። ኤስኤል3 ሆንኩ፣ የመጀመሪያ ጨዋታዬንም 21 ለ 17፣ 21 ለ 19 አሸነፍኩ። ደብዳቤ ይበቃል የሚላችሁ ማንም ይሁን ማን አትስሙት፣ ኃላፊም ቢሆን። ናይጄሪያዊቷ ማሪያም ኤኒዮላ ቦላጂ በፓሪስ 2024 ነሐስ ስትወስድ፣ በባድሚንተን የፓራሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ስትሆን፣ ምድቧ ይሄው ኤስኤል3 ነው። እኔ በወረቀትና በሐፍረት ላጣው የነበረው ምድብ።

አሁን ስልጠና ከሌለኝ እንደኔ እግራቸው የተጎዳ ልጆችን ፍለጋ በየከተማው ቤት ለቤት እዞራለሁ። የአዳራሻችን መግቢያ 7 ደረጃ ነበረው፣ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ ይኑረው የሚለውን የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36ን ፎቶ ኮፒ አድርጌ አራት ጊዜ አስገባሁ፣ ዘንድሮ ለዊልቸር የሚሆን መወጣጫ ተሰራለት። ቤት ለቤቱ ነው የሚከብደኝ፣ የትም ብሄድ ያችን ነጠላ አገኛታለሁ።

ባለፈው ወር ደምበጫ አንድ ቤት ገባሁ፣ የ11 ዓመት ልጅ ናት፣ እናቷ እኔን ስታይ ፈጥና ነጠላዋን እግሯ ላይ ጣለችባት። ምንም አላልኩም። የራሴን ሱሪ እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ቡናዬን ጠጣሁ። ሦስተኛው ሲቀዳ እናትየው "እታለም፣ እንዲህ ሆነሽ ነው እንዴ አውሮፕላን የተሳፈርሽው" አለችኝ፣ አዎ አልኳት፣ ቅጹን አወጣሁና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና ነጠላውን ራሷ አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገችው።

ልጅቷ ሸትሉን በጣቷ እያገላበጠች "ግማሽ ሜዳ ስንት ነው?" ስትለኝ ግቢ ወጥተን በምርኩዜ ጫፍ አፈሩ ላይ አሰመርኩላት።