የመስቀል ወፍ የትም አልሄደችም

የመስቀል ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ብላ የምትሰወር ናት ተብሎ ነው ያደግነው። ለወራት ጠፍቶ የከረመ ወዳጅ ድንገት ሲመጣም «ምነው፣ የመስቀል ወፍ ሆንክሳ!» ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ መንሸራሸርን ልማድ ካደረግሁ ወዲህ ግን አባባሉ ጠፍቶ ለሚከርም ወዳጅ እንጂ ለወፏ እንደማይስማማ እያመንኩ መጥቻለሁ። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሳይከብድ፣ ያየሁትን ከየወቅቱ እየለቀምኩ እዚህ ላሰፍረው ወደድኩ።

ማዕከሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ሲሆን፣ በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይገኛል። አካባቢውን ለረጅም ጊዜ የሸፈነው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነበር፤ ዛሬ ይህ ዛፍ ቀስ በቀስ እየተነሣ በጥድ፣ በወይራ፣ በኮሶና በመሳሰሉት አገር በቀል ዛፎች እየተተካ ነው። ልዩነቱ ለወፍ ተመልካች በጆሮ ይታወቃል። በባሕር ዛፉ መደዳ መካከል ሲያልፉ ከሥሩ ቁጥቋጦ የሚባል ነገር እምብዛም ስለማይበቅል፣ የሚሰማው የራስ ኮቴና የደረቀ ቅጠል መንኮሻኮሽ ነው፤ ቀጋው፣ ክትክታውና ወጣቱ ጥድ ተደባልቀው ወደበቀሉበት ተዳፋት ሲደርሱ ግን የትኛውን ድምፅ ቀድሞ እንደሚያዳምጡ ይቸግራል። ያም ሆኖ ባሕር ዛፉን ፈጽሜ ልኮንነው አልችልም፤ ሲያብብ ከጫፉ ላይ የሚርመሰመሱትን ወፎች አይቻለሁና።

የምይዘው ባይኖኩላርና አንዲት ደብተር ብቻ ነው። ባይኖኩላር አንገት ላይ አንጠልጥሎ በአዲስ አበባ ጎዳና መሄድ የራሱ ጣጣ ስላለው፣ «ምን እያየህ ነው? ለማን ነው የምታይለት?» የሚለውን ጥያቄ ላለመስማት ግቢው ውስጥ እስክገባ ድረስ ከቦርሳ አላወጣውም። ከውስጥ የማገኛቸው አንድ አዛውንት ጥበቃ አሉ፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ልጄ ይሉኛል። ባይኖኩላሩን አንድ ጊዜ ዓይናቸው ላይ አድርገው አዩበትና «ሩቁን አቅርቦ ቅርቡን ያሳጣል» ብለው መለሱልኝ። እሳቸው ወፍን የሚለዩት በድምፁና በሚያርፍበት ዛፍ ነው።

ክረምት ለወፍ የማይመች ወቅት የሚመስለው ዝናቡ ለእኛ ስለማይመቸን ነው። በሐምሌ ጉሙ ከተረተሩ ላይ ቶሎ ስለማይነሣ ዓይን ብዙም አይሠራም፤ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ግን ከጥዱና ከቀጋው መሐል፣ መላ አካሏ አመድማ ሆኖ ከጅራቷ ሥር የዝገት ቀለም ያላት አንዲት ወፍ ትዘምራለች። ወንዱ ሲጀምር ሴቷ እየተቀበለች ስለሚዘምሩ፣ ለማያውቅ ሰው የአንድ ወፍ ድምፅ ይመስለዋል። ይህች ወፍ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ በዓለም ላይ የትም አትገኝም፤ የሚያሳዝነው ግን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ባሉባት አገር ውስጥ እሷን በስም ጠርቶ የሚያሳየኝ ሰው እስካሁን አለማግኘቴ ነው። ጋጋኖ ግን ማስተዋወቅ አያስፈልገውም፤ በማለዳ በመንጋ ሆኖ እየጮኸ ከዛፍ ወደ መስክ ሲወርድ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ዝናብ ባራሰው ሣር ውስጥ ያን ረጅምና ቆልማማ ምንቃሩን እየሰካ ትላትል ሲለቅም ማየት፣ ክረምት ለእሱ የጥጋብ ወራት እንደሆነ ያስረዳል።

እኔ ግን በክረምቱ ዓይኔን የጣልኩት ከግርጌ ባለው ረጅም ሣር ላይ ነበር። ሐምሌ ሲጋመስ እዚያ ከሚሰፍሩት ድንቢጥ መሰል ቡናማ ወፎች መካከል አንዳንዶቹ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣሉ፤ ደረታቸው ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ቡናማ ሆኖ ሲታይ የታመሙ ይመስላሉ። ነሐሴ ሲያልቅ እነዚያው ወፎች ከራስ እስከ እግር ከሰል የመሰለ ጥቁር ለብሰው፣ ትከሻቸውና ወገባቸው ላይ አደይ አበባን የሚያስንቅ ቢጫ ያወጣሉ፤ ላባቸውንም ነፍተው ከአንዱ የሣር ጫፍ ወደ ሌላው እየተወረወሩ ሴቶቹን ይጠራሉ። በእኛ ሰፈር የመስቀል ወፍ ብለው የሚያሳዩኝ አንዳንዶቹ ይህን ነው። ሌሎቹ ደግሞ ምንቃሩ ቀይ፣ አካሉ ጥቁርና ነጭ፣ ጅራቱ ከቀረው ገላው የሚረዝመውን ትንሽ ወፍ ያሳዩኛል። የዚህኛው ነገር ከመልኩ በላይ ያስደንቃል፤ ሴቷ ጎጆ አትሠራም፣ ዕንቁላሏን በሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች፣ ወንዱም ያን ረጅም ጅራት እየጎተተ ከእሱ የሚበልጡትን ወፎች ሳይቀር ከመሬቱ ያባርራል። ጥጋበኛ ወፍ ነው።

ሁለቱም የሰርግ ልብስ የሚለብሱት ዝናቡን ተከትለው ነው። ዝናብ ሣሩን ያሳድጋል፤ ረጅም ሣር ጎጆ ይሰውራል፤ ዘሩ ሲበስልም ቀለብ ይሆናል። የመስቀል በዓል የሚውለው መስከረም 17 ሲሆን፣ በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ስለሆነ፣ የመስቀል ወፍ በአቆጣጠሩም ቢሆን የክረምት ወፍ ናት ማለት ነው። ደመናው ገለል ብሎ ፀሐይ ስትወጣ ሰው ወደ ሜዳ ይወጣል፣ አደይ ይቀጥፋል፣ ወፉንም ያኔ ያየዋል። ወፉ ግን በዚያ ሣር ላይ መጥቆር የጀመረው እኛ ከቤት ሳንወጣ፣ ዣንጥላ ዘርግተን ጭቃ እየዘለልን ሳለን ነው።

ይህን ለአባባ ብነግራቸው አልተቀበሉኝም። «ልጄ፣ የመስቀል ወፍማ ከቆላ ነው የሚመጣው፤ አደይን አይቶ፣ ሣሩ ሲደርቅ ተመልሶ ይወርዳል» አሉኝ። አባታቸውም እንዲሁ ይሏቸው ነበር።

ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ የለም ማለት ግን አይደለም። መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ከብቶች በሚግጡበት መስክ ላይ ጅራቷን ላይ ታች እየወዘወዘች የምትራመድ ቀጭን ወፍ ትታያለች፤ ከከብቶቹ እግር ሥር የሚነሣውን ነፍሳት ትለቅማለች እንጂ ከብቶቹን አትፈራም። የምትፈለፈለው በአውሮፓና በእስያ ነው፤ ሰሐራን ወይም የዓረብን በረሃ አቋርጣ ነው እዚህ የደረሰችው። ስትመጣ ደብዛዛ ናት፤ ቢጫው የሚለየው በጭንቅ ነው። እኛ ዘንድ ከርማ፣ በበጋው መጨረሻ ላባዋን ቀይራ፣ በሚያዝያ ልትነሣ ስትል ግን ሆዷ የእንቁላል አስኳል መስሎ ያበራል። ይህን ሳስተውል ነው የመስቀል ወፍ ነገር የጠራልኝ፤ ይህች እንግዳ የምትዋበው አገሯ ገብታ ለምትሠራው ጎጆ ሲሆን፣ የእኛው ወፍ ደግሞ ጎጆው እዚሁ ስለሆነ የሚዋበው እዚሁ ነው። እኛ እንግዳዋን እንደ ቤተኛ ሳንቆጥራት እናልፋታለን፤ ቤተኛውን ደግሞ እንግዳ አድርገን እንቀበለዋለን።

ጥቅምትና ኅዳር የሰማይ ወራት ናቸው። ብርዱ ቢነክስም አየሩ ስለሚጠራ፣ ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ከእንጦጦ በኩል ትልልቅ ቡናማ ንስሮች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ሲወጡ ይታያሉ። ከሩሲያ፣ ከካዛክስታንና ከሞንጎሊያ ሜዳዎች የሚነሡት እነዚህ ንስሮች፣ ከባድ አካላቸውን የሚያነሣላቸው ከሞቀ መሬት የሚወጣው አየር ስለሆነ ሰፊ ባሕር ማቋረጥ አይወዱም፤ ብዙዎቹም ወደ አፍሪካ የሚሻገሩት ባሕሩ በሚጠብበት በባብ ኤል ማንደብ በኩል ነው። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መካከል ተመዝግበዋል። ከዚያው ዓመት ጀምሮ እጅግ የከፋ አደጋ ላይ ናቸው ከተባሉት ውስጥ ደግሞ በየቄራው የምናውቀው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ትንሹ ጥንብ አንሳ አለ። ሰው ለንስር ሲያዝን ለጥንብ አንሳ አለማዘኑ ከልማድ እንጂ ከፍርድ የመጣ አይመስለኝም፤ የከተማችንን ጥራጊና በድን ያለ ደመወዝ ያጸዳው እሱ ነው።

በጋው ላይ ሣሩ ይደርቃል፣ ሜዳው ይገረጣል፣ ወፍ አለቀ ያሰኛል። በእውነቱ ግን ለማየት ከሁሉ የሚቀለው ይህ ወቅት ነው። ራስ ክምር ባበበበት ዳገት ላይ ቆልማማ ምንቃር ያላት፣ ጥላ ውስጥ ጥቁር መስላ ፀሐይ ሲያገኛት ሐምራዊና ነሐስማ የምትሆን ወፍ ከአበባ አበባ ትዘዋወራለች፤ በሳይንስ ስሟ የተከዜን ወንዝ ስም የያዘችው እሷ ናት። ጥዱ ፍሬ በያዘበት በኩል ደግሞ አረንጓዴው ቱራኮ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለ ይሄዳል፤ ሲበር ብቻ የሚገለጠው የክንፉ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት፣ በዚህ ወፍ ቤተሰብ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ቀለም ነው። ቁራውም አለ፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበትና ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረው የእኛው ደጋ ቁራ፣ በከብት እበት ውስጥ ትል ሲፈልግ ይውላል። የቁራ መልእክተኛ ሄዶ እንደማይመለስ ይነገራል፤ የጉለሌው ቁራ ግን በሄድኩ ቁጥር አለ።

ጥር ላይ ወደዚያው ሣር ሜዳ ወረድኩ። በደረቀው ሣር ላይ ብዙ ቡናማ ወፎች ዘር ይለቅማሉ፤ ሁሉም ጀርባቸው ዥጉርጉር ነው፣ አንዱን ከአንዱ የሚለይ ነገር ያለ አይመስልም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደብተሩን ይዘጋል፤ እኔም ዝም ብሎ ቡናማ ወፍ ማየት አሰልቺ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ውሻ አልፎ መንጋው ብር ሲል፣ ከመካከላቸው የአንዳንዶቹ ወገብ ቢጫ ሆኖ ታየኝ። ጥቁሩን ልብስ የሚያወልቀው ወንድ፣ ከወገቡና ከትከሻው ያለውን ቢጫ አያወልቅም፤ ሲቀመጥ ክንፉ ይሸፍንለታል፣ ሲበር ይጋለጣል። ጅራተ ረጅሙም እንዲሁ ጅራቱን ጥሎ ከሴቷ ጋር ይመሳሰላል፤ የሚያሳብቅበት ቀላ ያለው ምንቃሩ ነው። አባባን ጠርቼ አሳየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ይህማ ድንቢጥ ነው» አሉ። ወገቡስ ብላቸው፣ «ድንቢጥም ወገብ አለው» አሉኝ።

ከመጋቢት በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። የበልጉ ዝናብ ዘንድሮ ተቆራርጦ ነው የጣለው። በጋውን ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው በየቁጥቋጦው ውስጥ ተደብቀው የከረሙት፣ ወንዶቹ ጥቁር ቆብ ያደረጉ የሚመስሉት ትንንሽ ግራጫ ወፎች ለመሄድ ሲቃረቡ ዝቅ ባለ ድምፅ መዘመር ጀምረው ነበር፤ ሚያዝያ ሲጋመስ ቁጥቋጦው ለቤተኞቹ ቀረ። ዋኖስ፣ ርግብና ግንደ ቆርቁር ዓመቱን ሙሉ ስላሉ ስለ እነሱ ብዙም አልጻፍኩም፤ ይህም ሳይገባቸው የቀረ ነገር ነው።

አሁን ሰኔ ነው። ከአባባ ጋር የያዝነው ክርክር ስላልተፈታ አንድ ስምምነት ላይ ደርሰናል፤ በሩ አጠገብ ባለው ሣር ላይ የሚውሉትን ቡናማ ወፎች ሁለታችንም ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምረን እንከታተላለን። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ስለምመጣ፣ በመካከል ያሉትን ቀናት እሳቸው ይይዛሉ። ሣሩ ቶሎ እንዳይታጨድም ለአጫጆቹ ነግረዋል። እኔ የምጠብቀው የመጀመሪያው ቡናማ ወፍ ደረቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣበትን ሳምንት ነው፤ እሳቸው የሚጠብቁት ወፉ ከቆላ የሚገባበትን ቀን ነው።