ራኬቱን ከመቀየራችሁ በፊት ክሩን ቀይሩት

ክርናችሁን እያመማችሁ ነው? ኳሷ ከመስመር ውጭ እየበረረች አስቸግራችኋለች? አዲስ የቴኒስ ራኬት ለመግዛት ብር እያጠራቀማችሁ ከሆነ ትንሽ ቆዩ። መጀመሪያ ራኬታችሁ ላይ ያለው ክር ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በስንት እንደተወጠረና መቼ እንደተወጠረ እወቁ። ኳሷን የሚነካው እሱ ነው። ለአብዛኞቻችን፣ ማለትም ጠዋት ከሥራ በፊት ወይም ቅዳሜና እሁድ ለምንጫወት ሰዎች፣ ክር መቀየር ራኬት ከመቀየር የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ዋጋውም አይወዳደርም።

ሜዳ ላይ የማገኘውን ሰው ስለ ራኬቱ ስጠይቀው ሞዴሉን፣ ዓመቱን፣ የትኛው ታዋቂ ተጫዋች እንደሚይዘው ሳይቀር ይነግረኛል። ስለ ክሩ ስጠይቀው ግን «ሲገዛ የነበረው ነው» ወይም «ጥቁሩ ነው» ይለኛል። ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው። እኔ ዛሬ መጻፍ የፈለግኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

ፖሊስተር ክር ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዓለም 66ኛ ደረጃ ላይ የነበረው ብራዚላዊው ጉስታቮ ኩዌርተን ሉክሲሎን የተባለው የቤልጂየም ኩባንያ የሚሠራውን ክር ይዞ ሮላንድ ጋሮስ በሚባለው የፈረንሳይ ትልቅ ውድድር ላይ ዋንጫውን በላ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ራሱ ተለወጠ። ፖሊ፣ ፖሊስተሩን ባጭሩ ስንጠራው፣ ግትር ነው፣ ላዩ ደግሞ ያንሸራትታል። ኳሷን ከታች ወደ ላይ ጠርጋችሁ ስትመቱ ቋሚዎቹ ክሮች ወደ ጎን ይሸሹና ኳሷ ሳትለቅ ተስፈንጥረው ቦታቸው ይመለሳሉ። ይሄ መስፈንጠር ስፒን፣ ማለትም የኳሷን መሽከርከር፣ ይጨምራል። ስለዚህ ተጫዋቹ ባለ በሌለ ኃይሉ ይመታል፣ ኳሷም ጠምዘዝ ብላ መስመሩ ውስጥ ትወድቃለች። ስፔናዊው ናዳል በሕይወቱ የመታቸው እነዚያ ፎርሃንዶች፣ በመዳፍ በኩል የሚመቱት ኳሶች፣ ያለ ፖሊ አይታሰቡም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ፖሊ ቶሎ ይሞታል። አይበጠስም፣ ግን ይሞታል። ከጥቂት ሰዓት ጨዋታ በኋላ ውጥረቱ ይወርዳል፣ መስፈንጠሩን ያቆማል፣ የሚቀረው ግትርነቱ ብቻ ነው። ትልልቆቹ ተጫዋቾች ይሄ አያሳስባቸውም፤ ኳስ በተቀየረ ቁጥር፣ መጀመሪያ ከ7 ጌም በኋላ ከዚያም በየ9 ጌሙ፣ አዲስ የተወጠረ ራኬት ከቦርሳ ያወጣሉ። እኛ ግን ክር ካልተበጠሰ አንቀይርም። ዓመት ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በሞተ ፖሊ እንመታለን። የምቱ ጫና በሙሉ የሚያርፈው ክርናችን ላይ ነው። ከክርን በስተውጭ ያለው ጅማት መጀመሪያ ባክሃንድ፣ በእጅ ጀርባ በኩል፣ ስትመቱ ብቻ ይሰማችኋል፣ ቆይቶ ግን የቡና ስኒ ለማንሳትም ያስቸግራል።

አብረውን የሚጫወቱ አንድ ጋሼ አሉ፤ ስልሳዎቹን የተሻገሩ፣ ቮሊያቸው (ኳሷን ሳትነጥር መምታታቸው) ከወጣቶቹ ሁሉ የሚሻል። ክርናቸው ላይ ማሰሪያ አድርገው፣ ቅባት ተቀብተው ነበር የሚመጡት። «ጋሼ፣ ራኬትዎን አንዴ ይስጡኝ» ብዬ ክሩን በጣቴ ስጫነው ንቅንቅ አይልም፤ ከልጃቸው የተላከ ነው፣ ከነፖሊው። ለስላሳ መልቲፊላመንት አስወጠርንላቸው። ጠዋት ሲመቱ ቆም አሉና «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሌላ ራኬት ነው እንዴ?» አሉኝ። ሕመሙ ወዲያው አልለቀቃቸውም፣ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሄደው የእጅ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴም ሠርተዋል። ክር ብቻውን አያድንም። ግን ቁስሉን በየቀኑ የሚነካካውን ነገር ማስወገድ ይቀድማል።

መልቲፊላመንት ማለት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ክሮች ተገምደው የተሠራ ነው። ቴክኒፋይበር ኤንአርጂ2፣ ዊልሰን ኤንኤክስቲ፣ ሄድ ቬሎሲቲ የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። ኳሷን ትንሽ አቅፎ ይለቃታል፣ ለእጅ ይመቻል። ዋጋው ከከበዳችሁ ሲንተቲክ ጋት የሚባል የናይለን ክር አለ፤ ርካሽ ነው፣ ከፖሊም በጣም የተሻለ ለእጅ የሚስማማ ነው። ብዙ ሰው ለምን እንደሚንቀው አይገባኝም።

ከሁሉም በላይ ያለው የተፈጥሮ ጋት ነው። ከከብት አንጀት ይሠራል። ባቦላት ሊዮን ከተማ ውስጥ ይህን ክር ለቴኒስ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1875 ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ የሚተካከለው አልተገኘም። የበገና አውታር ከበግ አንጀት እንደሚሠራ የምታውቁ አትገረሙም፤ አንጀት ተወጥሮም ሕይወት አለው፣ ድምፁም ምላሹም ለስላሳ ነው። ታዋቂው ተጫዋች ፌደረር ቋሚዎቹን በጋት አግዳሚዎቹን በፖሊ ያስወጥር ነበር፤ ጆኮቪችም እንደዚያው። የጋት ችግሩ ሁለት ነው፦ ውድ ነው፣ እርጥበትም አይወድም። በክረምት ጭቃና ካፊያ ባለበት ሜዳ ላይ አላወጣውም፤ ያሳዝናል።

እንግዲህ የኔ ሕግ ይሄ ነው። ክር የማትበጥሱ ከሆነ ፖሊ አያስፈልጋችሁም። በየሁለት ሳምንቱ ክር የሚበጥስ፣ ፎርሃንዱ የሚያስፈራ የሃያ ዓመት ልጅ ፖሊ ያስወጥር፣ ግን ሲሞት ቆርጦ ይጣለው። ለሌላው ሰው ደግሞ አንድ የቆየ መለኪያ አለ፦ በሳምንት ስንት ጊዜ ትጫወታላችሁ? በዓመት ቢያንስ ያን ያህል ጊዜ ክር ቀይሩ።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ልምጣ። ከውጭ የምናነበው ምክር እዚህ ላይ ስለሚጎድል።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የምንጫወተው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ይሄ ኳሷን በሦስት መንገድ ይነካታል። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን የሚይዛት ነገር የለም፤ ትበራለች። ውስጧ ያለው አየር ደግሞ የውጪው ግፊት ስለቀነሰ ይበልጥ ይገፋታል፤ ትነጥራለች። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፦ ቶፕስፒን (ኳሷ ወደፊት መሽከርከሯ) ኳሷን ወደ ታች የሚጎትታት በአየሩ አማካይነት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ጉተታውም ይሳሳል። ማለትም ፖሊ የሚሰጣችሁ ዋናው ስጦታ፣ ያ ስፒን፣ አዲስ አበባ ላይ የባሕር ጠረፍን ያህል አይሠራላችሁም። ሕመሙ ግን ያው ነው።

ኳሷ ስትበር ሁሉም የሚያደርገው ነገር ውጥረቱን መጨመር ነው። «60 አድርግልኝ» ይላል። ሲወጠር ክሩ ኳሷን ቶሎ ይለቃታል፣ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቁጥጥር ይገኛል፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ፖሊን በ60 ፓውንድ አስወጥሮ በዚህ ከፍታ መምታት ለክርን ጥሩ አይደለም። እኔ ከኳሷ ጀምሩ እላለሁ። የቴኒስ ሕግ ራሱ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ውድድር የተለየ ኳስ ይፈቅዳል፦ አነስ አድርጎ የሚነጥር የከፍታ ኳስ፣ ወይም ውስጡ ግፊት የሌለው ሆኖ ውድድሩ በሚካሄድበት ከፍታ ላይ ቢያንስ 60 ቀን የቆየ። ጣሳው ላይ የከፍታ ኳስ መሆኑ ተጽፎ ስታዩ እሱን ግዙ። ካላገኛችሁ ትንሽ የተጫወተ፣ ግፊቱ የቀነሰ ኳስ እዚህ ከአዲሱ የተሻለ ጨዋታ ይሰጣል። ወዳጆቼ አዲስ ጣሳ ሊከፍቱ ሲሉ የትናንቱን አምጡ የምለው ለቁጠባ አይደለም።

ከኳሷ ቀጥሎ ራኬቱ ራሱ ቁጥጥር እንዲሰጣችሁ አድርጉ። 18 ቋሚና 20 አግዳሚ ክር ያለው ራኬት 16 በ19 ከሆነው ይበልጥ ኳሷን ይገራታል። የፊቱ ስፋት 98 ካሬ ኢንች የሆነም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ነው ውጥረት የሚነካው፤ ሁለት ፓውንድ፣ ቢበዛ ሦስት ጨምሩ። ለመልቲፊላመንት 52 አካባቢ፣ በኪሎ 23.6 መሆኑ ነው፣ መነሻ ይሁናችሁ። ፖሊ ካላችሁ ከ48 አትለፉ።

በነገራችን ላይ ትክክለኛ የሚባል አንድ ቁጥር የለም። ብዮን ቦርግ በእንጨት ራኬቱ ላይ ወደ 80 ፓውንድ ያስወጥር ነበር። ፈረንሳዊው ማናሪኖ ከ30 በታች ያስወጥራል፣ ሆኖም ከዓለም ምርጦች ጋር ይፋለማል። ማሽኑም ይለያያል፤ በእጅ የሚጠመዘዘው ማሽን 52 ብሎ የሚሰጣችሁ ውጥረት ከኤሌክትሪኩ 52 ይላላል። ስለዚህ አንድ የምታምኑት ወጣሪ ያዙና ከሱ ጋር ቁጥሩን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ የራሳችሁን አግኙ። በየጊዜው ሰው ከቀየራችሁ መቼም አታውቁትም።

ራኬት መግዛት ግድ ከሆነ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ ክብደቱ። ቀላል ራኬት ለእጅ ይመቻል የሚባለው ተሳስቷል። በጣም ቀላል ከሆነ ከባድ ኳስ ሲመጣ ራኬቱ ይገፋል፣ ጫናውን ክንዳችሁ ይውጠዋል። ሳይወጠር ከ285 እስከ 305 ግራም ያለው ለአብዛኛው አዋቂ ይሆናል። ሁለተኛ ግትርነቱ። ሻጮች ግትርነቱን የሚያሳየውን ቁጥር ብዙ ጊዜ አይነግሯችሁም፤ ኢንተርኔት ላይ ግን ይገኛል። 70 አካባቢ ያለው ግትር ነው፣ ኃይል አለው፣ ባቦላት ፒዩር ድራይቭ ለምሳሌ። ከ60 በታች ያለው ይተጣጠፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ዊልሰን ክላሽ የታወቀው በዚህ ነው። እጁን የሚያመው ሰው ከ65 ባይበልጥ እመርጣለሁ። ሦስተኛ ስፋቱ። በእንጨቱ ዘመን ፊቱ 65 ካሬ ኢንች አካባቢ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ሃዋርድ ሄድ ሰፊውን የፕሪንስ ራኬት ሲያወጣ ብዙዎች ራኬት አይመስልም ብለው ነበር። ዛሬ 100 የተለመደ ነው። ፌደረር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2014 ከ90 ወደ 97 ወጥቷል። ፌደረር ካላፈረበት እኛም ሰፋ ያለ ራኬት ለመያዝ አንፈር።

ክሩ መሃል የምትሰካዋ ትንሽ ጎማ ድምፁን ትቀይራለች፣ ክርናችሁን ግን አታድንም። ደስ ካላችሁ ሰኩት።

እጀታው ላይ ግን አትቆጥቡ። የቀጠነ እጀታ አጥብቃችሁ እንድትይዙ ያደርጋል፤ አጥብቆ መያዝ ደግሞ ያው የክርን ጣጣ ነው። ራኬቱን ስትይዙ በጣቶቻችሁ ጫፍና በመዳፋችሁ መካከል የሌላኛው እጅ አንድ ጣት የሚገባበት ክፍተት ይኑር። ከጠበባችሁ ኦቨርግሪፕ፣ እጀታው ላይ የሚጠቀለለውን ስስ መጠቅለያ፣ ደርቡበት። ላብ የሚያስቸግራችሁ ዮኔክስ ሱፐር ግራፕን ወይም ደረቁን ቱርና ግሪፕን ሞክሩ፤ ሲያልቅም አትለምኑት፣ ቀይሩት።

ጫማ ላይ ደግሞ ልመና አለኝ። በሩጫ ጫማ ቴኒስ አትጫወቱ። እኛ አገር ሁሉም ቤት የሩጫ ጫማ ስላለ እሱን አጥልቆ መምጣት ተለምዷል። የሩጫ ጫማ ወደፊት ለመሄድ የተሠራ ነው፤ ሶሉ ከፍ ያለና ለስላሳ ነው፣ ወደ ጎን ስትወረወሩ ቁርጭምጭሚታችሁን ያጥፈዋል። የቴኒስ ጫማ ዝቅ ያለና ጎኑ ጠንካራ ነው። ለአፈር ሜዳ ከሥሩ በሙሉ ዚግዛግ ያለውን ምረጡ።

ውጭ ያለ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲላችሁ ደግሞ ራኬት አትበሉ። ራኬት ሻንጣ ይይዛል፣ መጠኑን ሊሳሳት ይችላል። 200 ሜትር የመልቲፊላመንት ወይም የሲንተቲክ ጋት ጥቅል ይግዛላችሁ፣ ውፍረቱ 1.30 ሚሊ ሜትር ይሁን። አንድ ራኬት ወደ 12 ሜትር ይወስዳል፣ ስለዚህ ከአንድ ጥቅል 16 ራኬት ይወጣል። ከሁለት ሦስት ጓደኞቻችሁ ጋር ከተካፈላችሁት ለየብቻ ከመግዛት በጣም ይረክሳል፣ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ክር ስለያዛችሁ ውጥረት ላይ መነጋገርም ይቀላል። ጥቅሉን ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። የተወጠረ ራኬትም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ፣ ሙቀቱ ክሩን ያላላዋል። ባስወጠራችሁ ቁጥር ደግሞ የክሩን ስም፣ ውጥረቱንና ቀኑን በትንሽ ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ የራኬቱ ጉሮሮ ላይ ለጥፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ወጣሪው «ስንት ላድርገው?» ሲላችሁ ከሱ ተነስታችሁ ትመልሳላችሁ።