ፑላችሁ እየቀነሰ ነው? መጀመሪያ አውቶፊሉን ዝጉ

ላስ ቬጋስ ውስጥ ፑል (መዋኛ ገንዳ) ያለው ቤት ለገዛችሁ ወይም ልትገዙ ለተነሳችሁ ይህን የምጽፈው፣ ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። የውሃ ቢላችን ከወር ወር ሲያሻቅብ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «በረሃ ነው፣ ይተናል» ይለኝ ነበር። መትነኑ እውነት ነው። እዚህ በሰመር ክፍት ፑል በቀን ከሩብ እስከ ግማሽ ኢንች ቢጎድል አይገርምም። ግን የሚያፈስ ፑልም በዚሁ ሰበብ ዓመታት ይከርማል።

ጉዱን የሚሸፍነው አውቶፊል የሚሉት ነገር ነው። እንደ ሽንት ቤት ታንከር ተንሳፋፊ አለው፤ ውሃው ዝቅ ሲል ራሱ ከፍቶ ይሞላል። ስለዚህ ፑሉ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ ዓይን የሚያየው ጉድለት የለም። ቤቱን ስንገዛ የመጣው ኢንስፔክተር ፓምፑን አስነሳ፣ ውሃው ጥሩ ነው ብሎ ፎቶ አነሳ፣ ሄደ። ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ፣ ፑሉ ማፍሰስ አለማፍሰሱ እንዳልታየ ተጽፏል። ገንዘብ የከፈልነው እንዲያይልን ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። አውቶፊሉን ከቫልቩ ዘጋሁ። ባልዲ በፑሉ ውሃ አፉ ጋ እስኪቃረብ ሞልቼ፣ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ጨምሬበት፣ የፑሉ ደረጃ ላይ አስቀመጥኩት። የባልዲውን ውሃ ልክ ከውስጥ፣ የፑሉን ከውጭ በቴፕ ምልክት አደረግኩ። ባልዲው ፑሉ ውስጥ የሚቀመጠው ሁለቱም ውሃ እኩል እንዲሞቅና እኩል እንዲተን ነው። ፑሉ ከባልዲው በላይ ከጎደለ ትርፉ አልተነነም፣ ፈሷል።

በ24 ሰዓት ባልዲው ሩብ ኢንች ያህል ጎደለ፤ ፑሉ ሦስት ሩብ። የእኛ ፑል ስፋቱ 450 ስኩዌር ፊት ነው፤ በዚህ ስፋት አንድ ኢንች ውሃ 280 ጋሎን ይሆናል። ስለዚህ በየቀኑ 140 ጋሎን መሬት ይጠጣልናል ማለት ነው። አገር ቤት ወረፋ ይዘን በምንቀዳበት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሳሰላው 26 ጄሪካን መጣ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የዚህ ከተማ ውሃ 90 በመቶው ከኮሎራዶ ወንዝ በሌክ ሜድ በኩል የሚመጣ ነው። ቤት ውስጥ ተጠቅመን በፍሳሽ የምንለቀው ተጣርቶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ከፑል ሥር የሚሰርገው ግን አይመለስም።

አንዳንድ መመሪያዎች አንድ ጊዜ 24 ሰዓት ከለካችሁ ይበቃል ይላሉ። እኔ አልስማማም። አንዴ ፓምፑ እየሠራ፣ አንዴ ፓምፑ ጠፍቶ፣ ለየብቻ ለኩ። ፓምፑ ሲሠራ ብሶ ከቀነሰ፣ ውሃ ገፍቶ ወደ ፑሉ የሚመልሰውን ቧንቧ ጠርጥሩ። ሲጠፋ ከባሰ የሚስበውን። ሁለቱም እኩል ከሆነ ችግሩ ያለው ገንዳው ላይ ወይም ገንዳው ላይ በተገጠመ ነገር ላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ንፋስ ያለ ቀን ደግሞ አትጀምሩ፤ የባልዲው ጠርዝ ንፋሱን ስለሚከልል ፑሉ ብቻውን አብዝቶ ይተንና ያላፈሰውን ያፈሰሰ ያስመስላል።

የእኛ በሁለቱም እኩል ነበር። ልኬቱን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ሊክ ፈላጊ (ውሃ የሚያፈስበትን ቦታ የሚፈልግ) ነኝ የሚል ድርጅት ጠራሁ። ሰውየው ወረቀቱን ሰጥቼው ሳያየው መልሶ ዘረጋልኝ። ቧንቧዎቹን በየተራ ደፍኖ ግፊት ሰጠ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ኮንክሪቱን ዞረ። ከዚያ አንዱ ጥግ ላይ ቆሞ በኖራ መስመር አሰመረና «ቧንቧው እዚህ ሥር ተሰብሯል፣ ኮንክሪቱ ይቆረጣል» አለኝ። የጠየቀው ገንዘብ በሺዎች ነው። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) መውረዱን አሳየኝ ስለው ዕቃው ተጠቅልሏል። «ቧንቧ ከሆነማ ፓምፑ ሲሠራና ሲጠፋ ለምን ለውጥ የለውም?» ብዬ ጠየቅኩት። የብዙ ዓመት ልምድ እንዳለው ነገረኝ፤ ለጥያቄዬ መልስ ግን አልሰጠኝም። ባለቤቴ አንጀቷ ስላረረ «ይቁረጥና እንገላገል» አለች። እምቢ አልኩ። በዚያ ቀን እምቢ በማለቴ ዛሬም ደስ ይለኛል።

አውቶፊሉንም ፓምፑንም አጥፍቼ ውሃው እስኪቆም እንዲወርድ ተውኩት። ውሃው ከስኪመሩ (ፓምፑ ውሃ ከሚስብበት የገንዳው ጎን አፍ) በታች ሲወርድ ፓምፕ ማስነሳት የለባችሁም፤ አየር ስቦ ይቃጠላል። ውሃ ከሚያፈስበት ቦታ በታች ሲሆን መውረዱን ያቆማል፤ ትነቱ ብቻ ይቀራል። የእኛ ቀጥ ያለው ከፑሉ መብራት የላይኛው ጠርዝ አጠገብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከባልዲው ጋር እኩል ሄደ።

መብራት ስለሆነ ራሴ አልነካሁትም። ፈቃድ ያለው ያገራችን ልጅ ኤሌክትሪሺያን መጣ፣ ብሬከሩን አጠፋ፣ ውሃውን መብራቱ እስኪሸፈን መለስን። አምፖሉን ከነገመዱ አውጥቶ ጠርዙ ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ ከጀርባው ያለችውን ቀዳዳ ይዩልኝ» አለኝ። ገመዱ ወደ ግድግዳው የሚገባባት ቀዳዳ ናት። ውሃው ጸጥ ሲል ቀይ የፑል መሞከሪያ ቀለም አጠገቧ ጠብ አደረግን። ቀለሙ ጥቂት ቆመ፣ ቀጠነ፣ ከዚያ ተስቦ ወደ ውስጥ ገባ። ሌላ ጥግ ላይ ስናደርገው ግን ባለበት ተበተነ። ቀዳዳዋን ውሃ ውስጥ በሚደርቅ የፑል ኢፖክሲ ደፈንናት። እንደገና በባልዲ ለካሁ፤ ሁለቱም እኩል።

ድርጅቱ ጋ ደውዬ የጉብኝቱን ሂሳብ መልሱልኝ አልኳቸው። የተከፈለው ለምርመራው እንጂ ለውጤቱ አይደለም ተባልኩ። ስለዚህ ሊክ ፈላጊ ስትጠሩ ጌጁ ሲወርድ ቆማችሁ እዩ፤ ሳያሳይ የሚጠቀልል ከሆነ ምንም አትፈርሙ። ፑሉን ሙሉ በሙሉ አድርቀን እንየው የሚላችሁንም አትስሙ። ባዶ ገንዳ ከሥሩ ውሃ ካለ ተገፍቶ ሊነሳ ይችላል፤ ልስኑም በዚህ ፀሐይ ይሰነጠቃል።

ቤት ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩ አውቶፊሉን ዘግቶ በባልዲ እንዲያስለካችሁ በውሉ ውስጥ አስገቡ። ኤጀንቱ «እንዲህ ዓይነት ነገር አይጠየቅም» ይላችኋል፤ ጠይቁ። በተለይ የድሮ ትልልቅ ፑሎችን። ላስ ቬጋስ ያለችበት ክላርክ ካውንቲ ከ2022 ጀምሮ አዲስ የመኖሪያ ቤት ፑል ከ600 ስኩዌር ፊት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ በፊት ከተሠሩት መካከል ግን 1,000 ስኩዌር ፊት የሚሆን ልታገኙ ትችላላችሁ። በዚያ ስፋት አንድ ኢንች 620 ጋሎን ያልፋል። ሻጩ አላስለካም ካለ እኔ ብሆን የጥገናውን ግምት ከዋጋው ላይ አስቀንሳለሁ።