ነጭ ሌዘር ከፋይበር፦ ዋናው ፈተና ጫፉ ላይ ነው

በ800 ናኖሜትር ታይታኒየም ሳፋየር ሌዘር ከፎቶኒክ ክሪስታል ፋይበር (በርዝመቱ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ካሉት የመስታወት ክር) ያገኘነው ነጭ ብርሃን አሁን ሳይዋዥቅ ይውላል። እዚህ ለመድረስ የረዳንን ላካፍላችሁ።

መሠረቱ አጭር ነው። ፋይበሩ የሚሠራበት የተራ ሲሊካ መስታወት ዜሮ ዲስፐርሽን (ጎረቤት ቀለሞች በእኩል ፍጥነት የሚጓዙበት የሞገድ ርዝመት) 1270 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ 800 ላይ ፐልሱ (አጭሩ የሌዘር ብልጭታ) ቶሎ ይለጠጥና ይደክማል። ኮሩ (ብርሃኑ የሚጓዝበት መሀል) 2 ማይክሮን ገደማ ሆኖ በአየር ቀዳዳዎች ሲከበብ ግን ዜሮው ከ800 በታች ይወርዳል፤ ፐልሱ ወደ ሶሊቶኖች (ሳይለጠጡ ወደሚጓዙ አጫጭር ፐልሶች) ይከፋፈልና ሰማያዊውም ቀዩም ይወጣል። ረጅም ፋይበር አትግዙ። በ2000 እ.ኤ.አ. የቤል ላብስ ተመራማሪዎች ከሐምራዊ እስከ ኢንፍራሬድ የደረሱት በ75 ሳንቲሜትር ነው።

ጊዜ የሚበላው ጫፉ ነው። ክፍት ጫፍ በአልኮል አይጠረግም! ቀዳዳዎቹ ፈሳሹን ይስቡታል፤ አየር በነበረበት ፈሳሽ ሲገባ ኮሩ ብርሃኑን መያዝ ያቅተዋል። ከቆሸሸ እንደገና ቁረጡት፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ፊቱ ቀጥ ማለቱንና ቀዳዳዎቹ አለመሰባበራቸውን እዩ።

ሌዘሩን ስታስገቡ ኃይሉን ወደ ጥቂት ሚሊዋት አውርዱ፤ በሙሉ ኃይል ኮሩን መፈለግ ጫፉን ያቃጥላል። ፓወር ሜትርን ብቻ አትመኑ። በክላዲንጉ (ኮሩን በከበበው ክፍል) የሚያልፈውንም ብርሃን ስለሚቆጥር ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቀለም ላይኖር ይችላል። መውጫውን በካሜራ እዩ፤ ብርሃኑ ፊቱን ሙሉ ከሞላው ክላዲንግ ውስጥ ናችሁ፣ መሀል ላይ አንዲት ደማቅ ነጥብ ከቀረች ኮሩን አግኝታችኋል። ከዚያ ኃይሉን ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ መያዣው ሲሞቅ ስለሚንሸራተት በየደረጃው ማስተካከያውን ንኩ።

ከጫፉ የሚመለሰው ብርሃን የሌዘሩን ሞድሎክ (አጫጭር ፐልሶች የሚያወጣበትን አሠራር) ያጠፋል፤ ፋራዴይ አይሶሌተር (ብርሃንን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መሣሪያ) የግድ ነው። የአይሶሌተሩ መስታወት ፐልሱን ይለጥጠዋልና በፕሪዝም ጥንድ አስቀድማችሁ አካክሱ። ከአይሶሌተሩ በኋላ ሃፍ ዌቭ ፕሌት (የብርሃኑን የመርገብገቢያ አቅጣጫ የሚያዞር ሳህን) አድርጉ፤ ኮሩ ፍጹም ክብ ስላልሆነ ፕሌቱ ሲዞር ቀለሙ ይቀየራል።

በእኔ እምነት ምርጡ መፍትሔ ቀዳዳዎቹን በፊውዥን ስፕላይሰር (ፋይበሮችን አቅልጦ በሚያያይዝ መሣሪያ) አርክ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ብልጭታው፣ መድፈን ነው። ፊቱ ላይ ጨረሩ ስለሚሰፋ ቶሎ አይቃጠልም፣ በአልኮልም ይጠረጋል። የተደፈነው ክፍል ከረዘመ ግን ወደ ኮሩ የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል፤ አርኩን አጭርና ደካማ አድርጉት።

ከ2.4 ማይክሮን በላይ የሞገድ ርዝመት ለሚፈልግ ሲሊካ ራሱ ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ዜድብላን የተባለው የፍሎራይድ መስታወት ይሻላል። እሱ ግን 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ መለስለስ ስለሚጀምር ለሲሊካ የተስተካከለ አርክ ያበላሸዋል።